የኢንተርኔትን ማኅበራዊ ተጽዕኖ በኮሌጅ ደረጃ ማጥናት፦ ለመምህራንና ለኢማሞች የቀረበ ማብራሪያ

ኢንተርኔት በኅብረተሰባችን ላይ ስላሳደረው ተጽዕኖ በየመስጂዱ ኹጥባ ይደረጋል፤ በየመድረሳው ምክር ይሰጣል፤ በየቤቱም ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ይነጋገራሉ። ይሁን እንጂ ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ጽንፎች ወደ አንዱ ያዘነብላል። አንደኛው ወገን መሣሪያውን የትዳር መፍረስ፣ የወጣቱ መስነፍና የአኽላቅ መበላሸት ምንጭ አድርጎ ያቀርበዋል። ሌላኛው ወገን ደግሞ ዳዕዋን ከዳር እስከ ዳር ያደረሰ፣ ቀድሞ በጥቂት ቤቶች ብቻ ይገኝ የነበረን ኪታብ ለብዙዎች ያዳረሰ ኒዕማ መሆኑን ይመሰክራል። ሁለቱም ወገኖች ለሚሉት ነገር ምሳሌ አያጡም። ነገር ግን ምሳሌ መጥቀስ ሌላ፣ ማስረጃ ማቅረብ ሌላ ነው።

ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ሚንበር ላይ የቆመ ኢማም ስለ ኢንተርኔት ያልተረጋገጠ ነገር ሲናገር፣ ከፊቱ የተቀመጠው ወጣት መሣሪያውን በየዕለቱ ስለሚጠቀምበት ስሕተቱን ወዲያውኑ ይለየዋል። ያን ጊዜ የሚጎዳው ስለ ኢንተርኔት የተነገረው ቃል ብቻ አይሆንም፤ ስለ ሶላት፣ ስለ ወላጅ ሐቅ፣ ስለ ሐላልና ሐራም የሚነገረውም ቃል አብሮ ክብደቱን ያጣል። የኡሱል ዑለማ በአንድ ጉዳይ ላይ ብይን ከመስጠት በፊት የጉዳዩን ምንነት በትክክል መረዳት ግዴታ መሆኑን አበክረው የሚያስተምሩትም ለዚህ ነው። በመሆኑም የኢንተርኔትን ማኅበራዊ ተጽዕኖ በሥርዓት ማጥናት ለኮሌጅ ተማሪዎቻችን እንደ ትርፍ ትምህርት የሚታይ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ትምህርቱ እንዴት እንደተጀመረ፣ ታዋቂ ጥናቶቹ ምን እንዳስተማሩ፣ ከእኛ የዕውቀት ትውፊት ጋር የት እንደሚገናኝና በኮሌጅ ውስጥ እንዴት ሊሰጥ እንደሚችል እናብራራለን።

የትምህርቱ አጀማመር

የዛሬው ኢንተርኔት አባት በሆነው መረብ ላይ የመጀመሪያው መልእክት የተላከው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1969 በካሊፎርኒያ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመታት ያህል መረቡ በዋናነት የመሐንዲሶችና የተመራማሪዎች መገልገያ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1989 ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው በሰርን የምርምር ማእከል ሆኖ ድረ ገጾችን የሚያስተሳስረውን ሥርዓት ሐሳብ አቀረበ። ማእከሉ በ1993 ማንም ሰው ይህን ሥርዓት ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ከፈቀደ በኋላ ኢንተርኔት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ መኖሪያ ቤት ገባ። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ1997 ከመረቡ ጋር ተገናኘች።

መሣሪያው ወደ ቤት ሲገባ ጥያቄውም ተለወጠ። ቀደም ሲል መሐንዲሶች የሚጠይቁት «እንዴት ይሠራል?» ብለው ነበር፤ አሁን ግን የማኅበረሰብና የሥነ ልቦና ምሁራን «በሰዎች መካከል ምን ይሠራል?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ማኑኤል ካስቴልስ በመረብ ስለተሳሰረው ኅብረተሰብ የጻፈው ሥራ የመጀመሪያ ክፍል በ1996 ታተመ። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2001 ኢንተርኔትንና ኅብረተሰብን የሚያጠና ራሱን የቻለ ተቋም መሠረተ። የሙስሊሞችን የኢንተርኔት አጠቃቀም በሚመለከትም ጋሪ በንት የተባለው የዌልስ ምሁር በ2000 እና በ2009 ሰፋፊ መጻሕፍት አሳትሟል። ስለ ሙስሊሞች የሚደረገው ጥናት ግን በሌሎች እጅ ብቻ እንዲቀር የሚያደርግ በቂ ምክንያት የለም።

የፒትስበርግ ጥናትና ዳግም ምርመራው

ለተማሪዎች ቀድሞ ሊቀርብ የሚገባው ምሳሌ በአሜሪካ የፒትስበርግ ከተማ የተካሄደው ጥናት ነው ብለን እናምናለን። ሮበርት ክራውትና ባልደረቦቹ ከ1995 ጀምሮ ለተመረጡ ቤተሰቦች ኮምፒውተርና የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጥተው አጠቃቀማቸውን መዘገቡ፤ ስለ ማኅበራዊ ኑሯቸውና ስለ መንፈሳቸው ሁኔታም በመጀመሪያና በኋላ ጠየቋቸው። በ1998 የታተመው ውጤት 73 ቤተሰቦችን፣ በውስጣቸውም 169 ሰዎችን ያካተተ ነበር። ኢንተርኔትን አብዝተው የተጠቀሙት ሰዎች ከቤተሰባቸው ጋር የሚነጋገሩበት መጠን ቀነሰ፤ የወዳጆቻቸው ክበብ ጠበበ፤ ብቸኝነታቸውና የድብርት ስሜታቸውም በመጠኑ ጨመረ። ዜናው በዓለም ጋዜጦች ተሰራጨ፤ ኢንተርኔትን ለሚወቅሱ ሁሉም ማስረጃ ሆነ።

ጥናቱ ግን በዚያ አላበቃም። እነዚሁ ተመራማሪዎች ከቀድሞዎቹ ተሳታፊዎች መካከል 208 የሚሆኑትን በድጋሚ ተከታትለው በ2002 ሌላ ጽሑፍ አወጡ። በዚህ ጊዜ ቀድሞ የታየው ጉዳት አብዛኛው ጠፍቶ ተገኘ። ጨምረው ባጠኑት ሌላ የሰዎች ስብስብ ላይ ደግሞ ውጤቱ በጥቅሉ ወደ በጎ ያዘነበለ ነበር። ይሁን እንጂ ጥቅሙ ለሁሉም እኩል አልነበረም፤ ቀድሞውንም ተግባቢ የሆኑና ደጋፊ ያላቸው ሰዎች ይበልጥ ሲጠቀሙ፣ ዝምተኛና ደጋፊ የለሽ የሆኑት ያን ያህል አልተጠቀሙም።

ተማሪው ከዚህ ሦስት ነገሮችን ይማራል። አንደኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች የተመረጡት በትምህርት ቤት ጋዜጣ ከሚሳተፉ ወጣቶችና በአካባቢ ልማት ድርጅቶች ቦርድ ውስጥ ካሉ ሰዎች ነበር። እነዚህ ከመጀመሪያውም ማኅበራዊ ኑሯቸው የሰፋ ሰዎች በመሆናቸው ክበባቸው በጊዜ ሂደት ሊጠብ የሚችልበት ሌላ ምክንያት ነበር። ሁለተኛ፣ ኢንተርኔት ያልተሰጠው የንጽጽር ቡድን አልነበረም፤ ስለዚህ የታየው ለውጥ ሁሉ ከኢንተርኔት የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ሦስተኛ፣ መሣሪያው፣ ተጠቃሚውና ዘመኑ ስለሚለዋወጡ በአንድ ዓመት እውነት የሆነው በአምስተኛው ዓመት ላይሆን ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተመራማሪዎቹ ስም ያተረፈላቸውን ውጤት ራሳቸው ዳግም መርምረው መለወጡን ለዓለም ማሳወቃቸው ለዕውቀት ፈላጊ ሁሉ አርአያ የሚሆን አማና ነው።

የተገናኘው ሰፈር

ሁለተኛው ምሳሌ በካናዳ፣ ቶሮንቶ ዳርቻ፣ አዲስ በተሠራ የመኖሪያ ሰፈር የተካሄደ ነው። ኪት ሃምፕተን የተባለ ተመራማሪ ከ1997 እስከ 1999 ባለው ጊዜ ሰፈሩ ውስጥ ተቀምጦ ነዋሪዎቹን አጠና፤ ከባሪ ዌልማን ጋርም ውጤቱን አሳተመ። ከ109 ቤቶች መካከል 64ቱ ፈጣን የኢንተርኔት አገልግሎት ሲያገኙ የቀሩት አላገኙም። በዚህ የተነሳ ፒትስበርግ ላይ የጎደለው ንጽጽር እዚህ ተገኘ። የተገናኙት ነዋሪዎች ካልተገናኙት ይልቅ ሦስት እጥፍ ያህል ጎረቤቶቻቸውን ለይተው ያውቁ ነበር፤ የሚያነጋግሯቸውም በእጥፍ ይበልጡ ነበር። በጋራ የመልእክት መረባቸውም ሰፈሩን የሠራውን ድርጅት ስለ ጉድለቶቹ በአንድነት ጠየቁ።

እንግዲህ ከሁለቱ ጥናቶች የትኛው ትክክል ነው? ጥያቄው ራሱ መስተካከል እንዳለበት ለተማሪው ማሳየት የመምህሩ ድርሻ ነው። በፒትስበርግ የተሰጠው ግንኙነት እያንዳንዱን ቤተሰብ ከሰፊው ዓለም ጋር ያገናኘ ነበር፤ በቶሮንቶ የተሰጠው ግን ጎረቤትን ከጎረቤት ጭምር ያገናኘ ነበር። ስለዚህ «ኢንተርኔት ይጎዳል ወይስ ይጠቅማል?» ከማለት ይልቅ «የትኛው አጠቃቀም፣ ማንን፣ ከማን ጋር ያገናኛል? ከማንስ ያርቃል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በእኛ ዘንድ በዐረብ አገሮች የምትሠራ እኅት በኢሞ ከእናቷ ጋር የምታደርገው ንግግር ሲለተ ረሒምን የሚያጸና ነው። በአንድ ማዕድ የተቀመጡ ወንድማማቾች እያንዳንዳቸው በየስልካቸው መጥፋታቸው ደግሞ በተቃራኒው የሚታይ ነው። መሣሪያው አንድ ሲሆን ተግባሩና ውጤቱ ግን የተለያየ ነው።

ሐሰት ስለምትፈጥንበት ምክንያት

ሦስተኛው ምሳሌ ከኢማሞች ሥራ ጋር ይበልጥ የሚቀራረብ ነው። በ2018 ሶሩሽ ቮሱጊ፣ ዴብ ሮይና ሲናን አራል የተባሉ ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ከ2006 እስከ 2017 በትዊተር የተሰራጩ 126,000 ያህል ወሬዎችን መረመረ። እነዚህን ወሬዎች 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከ4.5 ሚሊዮን ጊዜ በላይ አሰራጭተዋቸው ነበር። በውጤቱም ሐሰተኛው ወሬ ከእውነተኛው ይልቅ የመጋራት ዕድሉ በ70 ከመቶ በልጦ ተገኘ፤ እውነተኛው ወሬ 1,500 ሰዎች ዘንድ ለመድረስ ሐሰተኛው ከወሰደበት ጊዜ ስድስት እጥፍ ያህል ፈጀበት።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በራሳቸው በሚሠሩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ላይ ያሳብብ ነበር። ተመራማሪዎቹ የእነዚህን ፕሮግራሞች ሥራ ለይተው ሲያስወጡ ግን ድምዳሜው አልተለወጠም። ሐሰትን ያፈጠነው ሰው ነበር። ሐሰተኛው ወሬ አዲስነት ያለው መስሎ ስለሚታይና በአንባቢው ላይ መደነቅንና መጸየፍን ስለሚቀሰቅስ ሰው ለሌላ ለማድረስ ይቸኩላል። እርግጥ ጥናቱ ወሰን አለው፤ የተመለከተው አንድን መድረክ ብቻ፣ ያውም እውነትነታቸው በአጣሪ ተቋማት የተመረመሩ ወሬዎችን ብቻ ነው። ስለዚህ በአገራችን የቴሌግራም ቡድኖች ውስጥም ቁጥሩ ያው ነው ማለት አንችልም። ሆኖም ችኩልነት የሰው ጠባይ መሆኑን ለሚያውቅ ሙስሊም ግኝቱ እንግዳ አይደለም።

ከኢስላማዊው የዕውቀት ትውፊት ጋር ያለው ግንኙነት

ሱረቱል ሑጁራት በስድስተኛው አንቀጹ፣ አመጸኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ አማኞች ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተው እንዳይጸጸቱ አስቀድመው እንዲያረጋግጡ ያዝዛል። ሱረቱ ኒሳእ በ83ኛው አንቀጹ የደኅንነትንም ሆነ የፍርሃትን ወሬ እንደደረሳቸው የሚያሰራጩትን ወቅሶ፣ ነገሩን ማጣራት ወደሚችሉት መመለስ ይገባ እንደነበር ያመለክታል። ሱረቱ ኑር ደግሞ በእናታችን በዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ በመዲና የተነዛውን የስም ማጥፋት ወሬ ያስተባብላል፤ ወሬውን ከአፍ ወደ አፍ ያስተላለፉትንም ቀላል ነገር መስሏቸው እንደነበር በመጥቀስ ይገሥጻል። ያ ሁሉ የሆነው ስልክ በሌለበት ከተማ ውስጥ ነው።

ዑለማዎቻችን ከዚህ መመሪያ ተነስተው የገነቡት የሐዲስ ሳይንስም ለወሬ ማጣሪያ የሚሆን ሙሉ ሥርዓት አለው። ከታቢዒዮች አንዱ የሆኑት ሙሐመድ ኢብን ሲሪን ፊትና ከመከሰቱ በፊት ሰዎች ስለ ሰነድ አይጠይቁም እንደነበርና ከፊትናው በኋላ ግን ነገሩን ያስተላለፉትን ሰዎች ስም መጠየቅ እንደጀመሩ አውስተዋል። ከዚህ የምንረዳው የኢስናድ ሥርዓት የጸናው በሰላም ዘመን በተዝናና ምርምር ብቻ ሳይሆን ሐሰት በበዛበትና መተማመን በጎደለበት ጊዜ ጭምር መሆኑን ነው። ራዊው ማን ነው? ካስተላለፈለት ሰው ጋር በእርግጥ ተገናኝቷል ወይ? ትውስታው የጸና ነው ወይ? ሌሎች ታማኞች ከሚያስተላልፉት ጋር ይስማማል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ዛሬ በስልካችን ለሚደርሰን መልእክት ቃል በቃል ያገለግላሉ።

በአዲስ መሣሪያ ፊት የነበረው የዑለማ አቋምም ትምህርት ይሰጠናል። በ1727 የዑስማኒያው ሱልጣን ለኢብራሂም ሙተፈሪቃ የማተሚያ ቤት ፈቃድ ሲሰጥ፣ ፈቃዱ ከሃይማኖት መጻሕፍት ውጭ ያሉትን የሚመለከት ነበር፤ የሸይኹል ኢስላሙ ፈትዋም የሚታተመውን የሚያርሙ የተማሩ ሰዎች እንዲመደቡ ያሳስብ ነበር። በፈቃዱ ወሰን ላይ የተለያየ አስተያየት ሊኖር ይችላል። ያም ሆኖ መሣሪያው ሲገባ ዓሊሙ ከአራሚው ወንበር እንዳይጠፋ መደረጉ ልብ ሊባል ይገባዋል። የወሎው የዳናና የጌታ ሊቃውንትም ደረሳው ኪታቡን በመምህሩ ፊት አንብቦ ሳይጨርስ እንዲያስተምር አይፈቅዱም ነበር። ዛሬ ኪታቡ ያለ መምህር ከእጅ ሲገባ የጎደለው አራሚ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ የእኛው ድርሻ ነው።

በኮሌጅ እንዴት ይሰጥ

ትምህርቱ በአንድ ሴሚስተር ሊሰጥ የሚችል ሲሆን፣ ንድፈ ሐሳቡ ከላይ ከጠቀስናቸው ጥናቶች ሊጀምር ይችላል። ተግባሩ ግን ከተማሪው አካባቢ መነሳት አለበት። አራት ልምምዶችን እንጠቁማለን።

የመጀመሪያው የሳምንት መዝገብ ነው። ተማሪው ለሰባት ቀናት ስልኩን መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜና ለምን ጉዳይ እንደተጠቀመበት ይጽፋል፤ ከመጀመሩ በፊት ግምቱን ያስቀምጣል፤ በመጨረሻም ግምቱን ከመዝገቡ ጋር ያነጻጽራል። በዚህ አማካይነት ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ግምት ምን ያህል እንደሚታመን በራሱ ላይ ይፈትሻል።

ሁለተኛው የአንድ መልእክት ሰነድ ፍለጋ ነው። በየዓመቱ የረመዷንን መግባት ቀድሞ ላበሰረ ሰው እሳት እርም ይሆንበታል የሚል መልእክት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስም ይዞራል፤ ዑለማ መሠረት እንደሌለው ደጋግመው ገልጸዋል። ተማሪው መልእክቱን ከላከለት ሰው ጀምሮ «አንተስ ከማን አገኘኸው?» እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሰንሰለቱ የተቋረጠበትን ቦታ ይመዘግባል፤ ከዚያም በሐዲስ መዛግብት ተኽሪጅ ያደርጋል። ለእያንዳንዱ አስተላላፊም ያስተላለፈበትን ምክንያት ይጠይቃል። በዚህ ልምምድ የሐዲስ ትምህርትና የማኅበረሰብ ጥናት በአንድ ገበታ ይቀርባሉ።

ሦስተኛው የቤተሰብ ጥናት ነው። ተማሪዎች በአንድ ሰፈር ሃያ ያህል ቤተሰቦችን በሴሚስተሩ መጀመሪያና መጨረሻ ሁለት ጊዜ ይጠይቃሉ። «አብዛኛውን ጊዜ አብራችሁ ትመገባላችሁ ወይ?» ከማለት ይልቅ «ትናንት ማታ ማን ከማን ጋር ተመገበ? ስልክ የያዘስ ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ሰው ስላለፈው ቀን የሚሰጠው መልስ ስለ ጠባዩ ከሚሰጠው መልስ ይበልጥ ይጨበጣልና።

አራተኛው የፈትዋ ጥያቄ መንገድ ነው። ከጁሙዓ በኋላ ለጀመዓው «በመጨረሻ የፊቅህ ጥያቄ በገጠማችሁ ጊዜ መጀመሪያ የጠየቃችሁት ማንን ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ይቀርባል። የሰፈሩ ኢማም ከመልሱ ብዙ ይማራል። ጀመዓው ወደ ስልኩ የሚሄደው ኢማሙን ንቆ ነው? ወይስ ጥያቄው የሚያሳፍር ስለሆነ? ወይስ ኢማሙን ከሶላት ሰዓት ውጭ ስለማያገኘው? መፍትሔው በእያንዳንዱ ምክንያት ይለያያል።

ከእነዚህ ጋር የአገሪቱ ሁኔታም ሊታይ ይገባል። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በኢንተርኔት ወጥቶ በመገኘቱ ተሰርዟል፤ ፈተናው በድጋሚ ሲሰጥም የማኅበራዊ መገናኛ መድረኮች ተዘግተው ነበር። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የሚፈጸምን የሐሰተኛ መረጃ ስርጭት በከበደ ቅጣት ይመለከታል። ብዙ ተከታይ ያላቸው ዳዒዎችና መስጂዶች ይህን ማወቅ ይኖርባቸዋል።

የአጥኚው አደብ

ጥናት ዕውቀትን እንደሚያመጣ ሁሉ በደልንም ሊያመጣ ይችላል። በ2012 ፌስቡክ ለአንድ ሳምንት በ689,003 ተጠቃሚዎች ገጽ ላይ የሚታዩትን አስደሳች ወይም አሳዛኝ ጽሑፎች እየቀነሰ ስሜታቸው ይለወጥ እንደሆነ ፈተነ። የተገኘው ለውጥ እጅግ አነስተኛ ቢሆንም፣ ውጤቱ በ2014 ሲታተም ብርቱ ተቃውሞ ተነሳ፤ ተጠቃሚዎቹ ለዚያ ሙከራ ተለይተው አልተጠየቁምና። ጽሑፉን ያወጣው መጽሔት ራሱ ስጋቱን በይፋ ገለጸ።

ለእኛ ተማሪዎች ወሰኑ ከዚህም ይጠብቃል። ሱረቱል ሑጁራት በ12ኛው አንቀጹ ክፉ ጥርጣሬን፣ ነውርን መከታተልንና ሐሜትን ከልክሏል። ስለዚህ ተማሪው የሰውን ገጽ በስውር አይበረብርም፤ ያለ ፈቃድ አይመዘግብም፤ የተጠያቂውን ስምና ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር አይጽፍም። በቃለ መጠይቅ የሰማውን የቤተሰብ ምስጢር ለጓደኛው ቢያወራ ጥናቱ ጊባ ሆነ ማለት ነው። መምህሩ ይህን በትምህርቱ መጀመሪያ ላይ ሊያስተምር ይገባል፤ ተማሪው ወደ ሰፈር ከወጣ በኋላ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ዘግይቷልና።

ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከትናቸው ጥናቶች ስለ ኢንተርኔት አንድ የመጨረሻ ፍርድ አይሰጡንም። የሚሰጡን የመጠየቂያ መንገድ ነው፦ ማንን፣ በየትኛው አጠቃቀም፣ ከምን ጋር ሲነጻጸር፣ በስንት ጊዜ ውስጥ የሚለውን። ይህን መንገድ የተማረ ኢማም ሚንበር ላይ ሲወጣ «ኢንተርኔት ቤተሰብን አፈረሰ» ከማለት ይልቅ «በሰፈራችን ከጠየቅናቸው ቤተሰቦች ይህን ያህሉ ትናንት ማታ አብረው አልተመገቡም፤ ዛሬ ማታ ስልኮቻችንን አስቀምጠን አብረን እንብላ» ሊል ይችላል። ንግግሩ ከሚያውቀው አያልፍም፤ ለሰሚውም የሚሠራው ነገር ይሰጠዋል።

የኮሌጆቻችን መምህራን ትምህርቱን ለመጀመር ትልቅ በጀት መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ደብተር፣ ጥቂት ፈቃደኛ ተማሪዎችና ከጁሙዓ በኋላ የምትቀርብ አንዲት ጥያቄ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ይበቃሉ። የተገኘውንም ውጤት፣ ከጠበቅነው የተለየ ቢሆን እንኳ፣ እንደተገኘ ማቅረብ አማና ነው። ወላሁ አዕለም።